እህቴን ላሳፍር የጋገርኩት ዓሣ

ነገሩ የጀመረው በእኔ አፍ ነው። የሕይወቴ ችግሮች አብዛኞቹ ከዚያው ስለሚነሱ ቤተሰቡ ውስጥ ማንንም አላስገረመም።

እሑድ ነበር። እህቴ ቤት ምሳ ተጠርተን እሷና ባሏ፣ እኔና ሚስቴ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠናል። የአተር ሾርባዋን አንድ ማንኪያ ቀመስኩና፣ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ባሕር ውስጥ ነው እንዴ የቀቀልሽው?» አልኩ።

ሾርባው እውነትም ጨው በዝቶበት ነበር። ይህን ሁሉም አውቀዋል። የእህቴ ባል ሦስተኛ ብርጭቆ ውሃውን እየጠጣ ነበር፤ ሚስቴም ዳቦ በላይ በላዩ እየጎረሰች ታስታግሰው ነበር። ልብ ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። እኔ ግን በራሴ ቀልድ ስቄ ቀና ስል ከእኔ በቀር የሳቀ አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይሄን ነው።

እህቴ ደግሞ እንዲህ የምትባል ሰው አይደለችም። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ሥራ ስትውል አጥባ፣ አብልታ፣ ሲያስፈልግም ቆንጥጣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ በቀን ለሦስት መቶ በሽተኛ ይበስላል። ሠራተኞቿ «ሚዛን» ነው የሚሏት። ሳትቀምስ፣ የድስቱን ክዳን ከፍታ እንፋሎቱን አንዴ ሳብ ታደርግና «ጨው ይቀረዋል»፣ ወይም «ነጭ ሽንኩርቱ አርሯል» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም። እንግዲህ ሚዛንን ነው ጨው አበዛሽ ያልኳት፤ በገዛ ጠረጴዛዋ፣ በገዛ ማንኪያዋ።

ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ ንዴት መሰለኝ።

«እንግዲያው ሊቁ፣ በሚቀጥለው እሑድ አንተ ሠርተህ አብላኝ» አለች።

«ሊቁ» የወጣልኝ በዕውቀቴ አይደለም። በዘጠኝ ዓመቴ የቤታችንን ራዲዮ፣ ተበላሽቶ ሳይሆን ድምፁ ሊሻሻል ይችላል ብዬ ፈታታሁትና፣ መልሼ ስገጥመው አራት ዕቃ ተረፈኝ። አባቴን «እነዚህ ትርፍ ናቸው» አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊቁ ነኝ። ዛሬ አሳንሰር ጠጋኝ ሆኛለሁ፤ ሰዎች ይህን ታሪክ ሳይሰሙ ይሳፈራሉ።

ለእህቴ ጥሪ መልሱ ቀላል ነበር። እንቁላል እጠብሳለሁ ማለት እችል ነበር። ይቅርታ ማለትም ይቻል ነበር፤ እሱማ ጭራሽ ድስት አይጠይቅም። እኔ ግን ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «ሳልመን! የኮክ ፍሬ ተቀብቶ ኦቨን የገባ የሳልመን ዓሣ አበላሻለሁ» አልኩ።

ሚስቴ ከዳቦዋ ቀና አለች። «ማብላቱን ነው ወይስ ማበላሸቱን?»

ያኔ ሁሉም ሳቀ። እህቴ ብቻ አልሳቀችም።

ሳልመኑ ከየት መጣ ቢባል፣ ከአንድ ወር በፊት የአንድ ሆቴል የዕቃ አሳንሰር ልጠግን ሄጄ ነበር። የአሳንሰሩ በር ወጥ ቤቱ ፊት ለፊት ነው የሚከፈተው። እዚያ አንድ ምግብ አብሳይ ሮዝ መልክ ያለውን ዓሣ በብሩሽ ይቀባል፤ ልክ በር እንደሚቀባ ሰው። ቅቡ ብርቱካናማ ሆኖ ያብለጨልጫል። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«የኮክ ማርማላታ፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ ሰናፍጭ» አለኝ። «ጣፈጥም ጎምዘዝም የሚል ነው።»

ከዚያ ስለ እሳቱ ልክና መቼ መቀባት እንዳለበት ማስረዳት ሲጀምር፣ «ገባኝ፣ ገባኝ» ብዬ አቋረጥኩት። ሰውየው ወደ ብሩሹ ተመለሰ። በጠቅላላው ሦስት ደቂቃ ያህል አይቻለሁ። ለእኔ ሦስት ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው።

ቅዳሜ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ነጭ ቦት ጫማ ያደረገ፣ እጁ በበረዶ የቀላ ሽማግሌ ነው።

«ለስንት ሰው ነው?» አለኝ።

«ለሦስት።»

«እንዴት ልትሠራው ነው?»

«በኦቨን። ፍራፍሬ ቀብቼ።»

«ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ብዙ ጊዜ» አልኩ። ሽማግሌውን ለምን እንደዋሸሁት እስካሁን አላውቅም። ከዚያ በፊት አይቶኝ አያውቅ፣ ከዚያ በኋላም ላያየኝ ይችላል።

«እንግዲያው ለሚያውቅ ሰው ምክር አያስፈልግም» ብሎ ክንዴን የሚያህል ቁራጭ ጠቀለለልኝ።

እሑድ ጠዋት ሽርጥ አገለደምኩ። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የአንዲት ደንበኛዋን ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀመች ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ልርዳህ?»

«አያስፈልግም።»

«ኦቨኑ ውስጥ እኮ...»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ነገሩን ትታ መርፌዋ ላይ ክር አስገባች። ክፋት አይደለም፤ አሥራ ስድስት ዓመት ከእኔ ጋር የኖረ ሰው የሚደርስበት ጥበብ ነው።

ኦቨኑን ሁለት መቶ ሃያ ላይ አዞርኩና ወደ ዝንጅብሉ ሄድኩ። ያላወቅኩት ነገር፣ የእኛ ኦቨን ኦቨን መሆኑን ከተወ አራት ዓመቱ ነው። ቁም ሣጥን ሆኗል። ፓትራዎቹ፣ የፕላስቲክ ሳህኖቹና ክዳኖቻቸው የሚቀመጡት እዚያ ነው። በየቀኑ ከጎኑ ቆሜ ሻይ አፈላለሁ፤ አንድም ቀን ከፍቼ አይቼው አላውቅም።

መጀመሪያ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣ። «አቧራው ነው፣ ይለቃል» አልኩ። ቀጥሎ ጭስ መጣ። «እርጥበት ነው» አልኩ። ሚስቴ ቀሚሱን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ጠበቀች። በሩን ስከፍተው ትልቁ ሰማያዊ ሳህን በብረቱ መሐል ለመሐል እንደ ሻማ እየተንጠባጠበ ነበር። አረንጓዴው ክዳን ከቀዩ ጋር ተጋብቷል። ጥቁር ጭስ ፊቴ ላይ ቦነነ።

«ዕቃ አለበት ልልህ ነበር» አለች ሚስቴ፣ መስኮት እየከፈተች።

«አውቃለሁ» አልኩ እያሳለኝ። ምን እንደማውቅ ግን አላውቅም ነበር።

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ያቺን ሴት ቢያንስ አወቅሽ ያሏት ሌሎች ናቸው። እኔን ማንም አላለኝም፤ ራሴ ነኝ ያልኩት።

የፊት ለፊት ጎረቤታችን አንኳኳ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የተቃጠለ መስሎት አሳንሰር ጠጋኙን ፍለጋ ነው የመጣው። ሽርጥ ለብሼ፣ ፊቴ ጠቁሮ በሩን ስከፍት ትንሽ አየኝና፣ «በቃ፣ አንተ ካለህ ችግር የለም» ብሎ ተመለሰ። ሽሙጥ ይሁን እምነት እስካሁን አልለየልኝም።

ኦቨኑ እስኪበርድ ጠብቄ ከሥራ ቦርሳዬ መፋቂያ አወጣሁና ፕላስቲኩን ፋቅኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። የወጣውን ጉድ ጋዜጣ ላይ ቆለልኩት። ሽታው ግን አይፋቅም። መጋረጃው፣ ሶፋው፣ የደንበኛዋ ቀሚስ ሳይቀር ጎማ ጎማ አለ። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶም ዓይናችን ያነባ ነበር።

ብልህ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዓሣን መብላት በብልሃት ይላል ተረቱ፤ ስለ ማብሰሉ ግን ምንም አይልም። እንደኔ ያለ ሰው ይነሳል ተብሎ አልታሰበም መሰለኝ።

ወደ ቅቡ ሄድኩ። ማርማላታውን ከብርቱካን ጭማቂ ጋር በትንሽ ድስት አሞቅኩና ቀመስኩ፤ ከረሜላ ሆኗል። ሎሚ ጨመርኩ፤ ፊቴ ተጨማደደ። ማርማላታ ጨመርኩ፤ ሰናፍጩ ጠፋ። ሰናፍጭ ጨመርኩ፤ አስነጠሰኝ። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እንደገና ሎሚ። አንዱን ሳስታርቅ ሌላው ሲቀየም፣ ለአንድ ቁራጭ ዓሣ የታሰበው ቅብ ለአንድ ግድግዳ የሚበቃ ሆነ። በመጨረሻ ሎሚው አሸነፈ። ማርማላታው ስላለቀብኝ እንጂ ፍርዱ የእኔ አልነበረም።

ያን ሁሉ አንዴ ዓሣው ላይ ደፍቼ ኦቨኑ ውስጥ ከተትኩት። ዓሣው ሊደርስ ሲል ነው የሚቀባው፣ ስኳር ቶሎ ያራል፤ የሆቴሉ ሰውዬ ሊለኝ የነበረው ይሄን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። በአሥር ደቂቃ ጫፎቹ እንደ ሬንጅ ጠቆሩ፤ ፓትራው ዳር የፈሰሰው ተንተክትኮ ተንተክትኮ ድንጋይ ሆነ። መብሰሉን ለማወቅ የሞተር ሙቀት የምለካበትን መሣሪያ አነጣጠርኩበት። ቁጥሩን አየሁት። ዓሣው ሞተር ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ነበር። አወጣሁት። ጫፍ ጫፉ ከሰል ነው። መሐሉ ግን፣ የሚገርም ነገር ነው፣ ዓሣ ሆኗል፤ ሮዝ፣ እርጥብ፣ በሹካ ሲነኩት ልይይት የሚል። በዚህ ውስጥ የእኔ ድርሻ ያለ አይመስለኝም።

እህቴ ልክ በሰባት ሰዓት አንኳኳች። ቀድማ እንደነገረችን ባሏ ሥራ ገብቶ ብቻዋን ነው የመጣችው። ሦስት ሰበብ አዘጋጅቼ በሩ ጋ ቆሜያለሁ፤ አንዱ ጥፋቱን ጎረቤቱ ላይ ያላክካል። ካፖርቷን ሰቀለች። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመችና፣ ሥራ ቦታዋ ድስት ስትከፍት እንደምታደርገው፣ አየሩን በአፍንጫዋ በረጅሙ ሳበችው። የመጀመሪያውን ሰበብ ልጀምር አፌን ከፈትኩ።

«እሰይ» አለች። «እንዴት ደስ የሚል ሽታ ነው።»

እኔና ሚስቴ ተያየን።

መጀመሪያ ሽሙጥ መሰለኝ። እህቴ ግን መናገር ስትፈልግ ፊት ለፊት ነው እንጂ በዙሪያ አትመጣም። ቀጥሎ ያሰብኩትን ሳወራው አፍራለሁ። ምናልባት ከጭሱ ሥር የኮኩ መዓዛ ይኖራል፣ የእሷ አፍንጫ ደግሞ የተለየ ስለሆነ እሱን ለይቶ አግኝቶታል አልኩ። ሙገሳ ሲሆን ማስረጃ አልጠይቅም። እንዲያውም ፈገግ ብዬ «ኮክና ብርቱካን ነው» አልኳት።

ቀድሞ የገባት ለሚስቴ ነው። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ ምን ምን ሸተተዎት?» አለቻት።

«ዓሣው ነዋ። ብርቱካኑ።»

«ሌላስ?»

እህቴ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ዓይኗ ቤቱን ዞረው። በዚያ ብርድ ወለል ብለው የተከፈቱትን መስኮቶች አየች። የእኔን የቀላ ዓይን አየች። ጋዜጣ ላይ የተቆለለውን ሰማያዊና ጥቁር ጓል አየች፤ ከአፍንጫዋ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም።

«ምንድን ነው የተቃጠለው?» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«ፕላስቲክ ነው» አለቻት ሚስቴ። «ታች ደረጃው ድረስ ይሸታል።»

እህቴ የሚስቴ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሱን ከሥሯ ስባ እንኳ አላወጣችም።

«አይሸተኝም» አለች። «አንድ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ አይሸተኝም። ሦስት ወር ሆነኝ።»

«ምንም?» አልኩ።

«ምንም። ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ያለቅሳል፣ አፍንጫዬ ግን አያውቅም። የምበላው ሁሉ ወረቀት ወረቀት ይለኛል። ያን ሾርባ ቀመስኩት፣ ጣዕም አልሰጠኝም፤ ጨው ጨመርኩ። አሁንም አልሰጠኝም፤ ጨመርኩ።»

«ሥራ ቦታስ እንዴት ሆነሽ?»

«ረዳቴን ቅመሺ እላታለሁ፤ የማስተምራት ይመስላታል። የቀረውን በማንኪያ እየቆጠርኩ ነው።» እጆቿን ጭኗ ላይ አቆላለፈች። «ባለፈው ሳምንት ግን ጋዙ ተከፍቶ ቆይቶ፣ ከውጭ የገባችው የጽዳት ሠራተኛ ናት የጮኸችው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ካሮት እልጥ ነበር። ማንም አልጠረጠረኝም። ሚዛን ሸትቷት ልትዘጋው ስትል ነው የደረስነው ተባለ። እኔም ዝም አልኩ። ሚዛን ይሉኛል እኮ። ይሄን ካጣሁ እዚያ ቤት ምን ነኝ?»

ያን እሑድ ፊቷ ሲለዋወጥ ያየሁት ታወሰኝ። ንዴት አልነበረም፤ የተያዘ ሰው ድንጋጤ ነበር። እሷ በዚህ ሁሉ ስትጨነቅ፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ እህቴን በዓሣ ላሳፍር ስዘጋጅ ከርሜያለሁ። ዝም ለማለት እንዴት ያለ ጥሩ አጋጣሚ ነበር። እኔ ግን፣

«ታዲያ የእኔን ዓሣ ለመብላት ካንቺ የተሻለ ሰው የለም» አልኩ።

ሚስቴ ዓይኗን ጨፈነች።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቅ ነው። ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋ ወረደ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና እንባው ብቻ ቀጠለ። ሚስቴ አጠገቧ ተንበርክካ አቀፈቻት። እኔ በሽርጤ መሐል ቤት ተገተርኩ። «ዓሣው ሊበርድ ነው» አልኩ። ከዚያ የተሻለ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም።

«እንብላዋ» አለች፣ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ከሰሉን ለራሴ አድርጌ መሐል መሐሉን ለእሷ ሰጠኋት። አንድ ቁራሽ በሹካ አንስታ አላመጠች። «ለስላሳ ነው» አለች፤ ከጥርሷ በቀር የሚመሰክርላት የለም። ሁለተኛውን ቅቡ ውስጥ ነክራ ጎረሰች። ማላመጧን አቆመች።

«ቆይ።»

«እሾህ ነው?»

«ዝም በል እስቲ።» ዓይኗን ከድና ቆየች። «ይሄ ይሰማኛል። ጎምዛዛው። ምላሴን ዳርና ዳሩን ያዝ አደረገኝ። ጣፋጩ ደግሞ ይኸው፣ ከኋላ መጣ።» እንደገና ነከረች። «ሎሚው ስንት ነው?»

«ስምንት።»

«ስምንት ሎሚ ለአንድ ዓሣ» አለች፣ ሠራተኞቿን በምትቆጣበት ድምፅ። «ጤና የለህም።»

እንዲህ እያለች ሁለት ቁራጭ በላች። ፓትራው ላይ የቀረውን ቅብ በዳቦ ጠረገች። ሳህኔ ላይ ያለውን የጠቆረ ጫፍ እንኳ ወስዳ ቆረጠመችው። እኔና ሚስቴ አንድ አንድ ሹካ ሞክረን ውሃ ጠጣን። ለጤነኛ ሰው የሚሆን ምግብ አልነበረም።

ይሁንና ሦስት ቀን ሙሉ እጁ ፈውስ እንዳለው ሰው ነበር የምራመደው። የሥራ ባልደረባዬን በአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ አጠገቤ አቁሜ ስለ ጎምዛዛ ነገር ጥቅም አስተምሬዋለሁ። ይህ የቆየው ሐሙስ እህቴን ሐኪም ዘንድ እስክወስዳት ነው።

«ጎምዛዛ፣ ጣፋጭ፣ ጨውና መራራ የምላስ ሥራ ነው» አለች ሐኪሟ። «ሌላው ሁሉ የአፍንጫ ነው። ዓሣውም ባይኖር፣ ሎሚ ቆርጠው ቢልሱ ያው ይሰማዎት ነበር።» ይህን ያለችው እኔን እያየች ነው። ስለ አሠራሩ ቀደም ብዬ በዝርዝር አስረድቻት ነበር።

ማሽተቱ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለች። ጠዋትና ማታ አራት ዓይነት ሽታ እያሸተተች አፍንጫዋን ታለማምደው። እኔ ብልቃጦቹን አዘጋጀሁላት፤ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ሳሙና፣ ነጭ ሽንኩርት። ከራሴ ጨምሬ አምስተኛ ብልቃጥ የአሳንሰር ግሪስ አስገባሁ። መልሳ ላከችልኝ።

ከባዱ ነገር ለአለቃዋ መንገሩ ነበር። ሁለት ቀን ሸሸችው። «አብሬሽ ልግባ፤ እኔ አስረዳልሻለሁ» አልኳት።

«ግባ። ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

ቦርሳዋን ጭኔ ላይ ይዤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሳልናገር ተቀመጥኩ። ስለ አየር ማስወጫው፣ ስለ ጋዙ ቧንቧ፣ ስለ ሕንፃው አሳንሰር ጭምር የምለው ሞልቶኝ ነበር። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሥራ የዚያን ያህል ያደከመኝ የለም።

አለቃዋ አላባበለቻትም። የጋዙን ነገር ስትሰማ ፊቷ ነጣ። «ሰው ሊሞት ይችል ነበር» አለች፤ እውነቷን ነው። እህቴ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ተነጋገሩ። ጋዝ ሲፈስ የሚጮህ መሣሪያ እንዲገባ፣ የመጨረሻውን ቅምሻ ረዳቷ እንድትይዝ፣ እህቴ የቀረውን እንድትመራ ሆነ። በሳምንቱ ሠራተኞቹ ረዳቷን «ትንሿ ሚዛን» ይሏት ጀመር። እህቴ ይህን እንደ ቀልድ አድርጋ ነው በስልክ የነገረችኝ፤ ስልኩን ግን ቶሎ ዘጋችው።

ለአለቃዋ በነገረች ዕለት ከቢሮው ስንወጣ ደረጃው ላይ፣ «ስለ ሾርባው ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«እውነትህን ነበር፤ ጨው በዝቶበታል» አለች። «እሱን ቀስ ብለህ ጆሮዬ ላይ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ቦርሳዋን ተሸክሜ ተከተልኳት።

ከአራት ወር በኋላ አንድ ጠዋት፣ የአንድ ቢሮ አሳንሰር ጣሪያ ላይ ተቀምጬ ገመድ ስመረምር ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት። ከጀርባዋ የአውቶቡስ ሞተር ይሰማል።

«ናፍጣ ሸተተኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ናፍጣ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬም ካፖርቱን ዝናብ መቶት እርጥብ ሱፍ እርጥብ ሱፍ ይላል። እንዲያው መስሎኝ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ተነስቶ ሌላ ወንበር ላይ ሄደ።»

«እና እንዴት ነው?»

«ይከረፋል» አለች፣ ረክታ።

ገና ብዙ ልጠይቃት ስል የሾፌሩ ድምፅ ተሰማ፤ መጨረሻ ፌርማታ ደርሰዋል፣ ውረዱ ይላል። እህቴ የምትወርድበትን ሦስት ፌርማታ አልፋ ሄዳ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አርፍዳለች።